አያቴ ያልተቀመጡበት በረንዳ

ሰሞኑን ወልቂጤ ያለውን የእናቴን ቤት አፍርሼ በቦታው ባለ ሁለት ፎቅ ላሠራ ተነስቻለሁ። የጓሮው ማድቤት ጣሪያ ሲነቀል ከዛጉት ቆርቆሮዎች መሀል አንዱ ከሥሩ አረንጓዴ ቀለም ያለው ሆኖ አገኘሁትና፣ ሠራተኛው ሊወረውረው ሲል ቆይ ብዬ ተቀበልኩት። ቀለሙ ተላልጦ እዚህም እዚያም ቀርቷል፣ ጠርዙን ጥቀርሻ ይዞታል፣ ዝገቱ እጄ ላይ ተራግፎ ሲሸተኝ ደግሞ እጄን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ደጋግሜ አሸተትኩት። የዝገት ሽታ ሰውን እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ያ ቆርቆሮ የበረንዳችን ቆርቆሮ ነው።

ያኔ አዲሱ መንግሥት ገብቶ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ወልቂጤ የዞን ከተማ ተብላለች፤ እኛ ልጆችም ዞን ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባን በዞንነታችን እንንጠባረር ነበር። ከጅማው አስፋልት ወደ ገበያ የሚወርደው መንገድ የከተማዋ እምብርት ሲሆን፣ የእናቴ የብርቄ ሻይ ቤት እዚያ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነበረች። አባቴ እኔ ገና ሳልራመድ ስለሞተ ያሳደገችኝ ያቺ ሻይ ቤት ናት ማለት ይቻላል። ቤቱ ከውስጥ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋችንና የልብስ ሳጥናችን ከገቡ በኋላ እንግዳ ቀርቶ ድመት የምትዞርበት ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ሻይ ቤት ሲባል በረንዳው ነው። የጉንችሬና የአረቅጥ መኪና የሚጠብቅ፣ ከጅማ አውቶቡስ የወረደ፣ ቅቤውን ሸጦ የሚመለስ ሁሉ ከአረንጓዴው ቆርቆሮ ሥር አግዳሚው ላይ ተደርድሮ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበትን ሻይ በትኩስ ፓስቲ እያማገ የአገሩን ወሬ ያራግፍ ነበር። የጂኦግራፊ ትምህርት ከመጀመሬ በፊት የማውቃቸው አገሮች በሙሉ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሻይ የጠጡ ናቸው።

በረንዳው ግን ሲጀመር በረንዳ አልነበረም። መጀመሪያ ዝናብ በሩን እንዳይመታው አንድ ቆርቆሮ ወጣ አለ። ቆርቆሮው እንዳይወድቅ ቋሚ ተተከለለት፤ ቋሚው ከተተከለ አይቀር አግዳሚ፣ አግዳሚው እንዳይረጥብ ሌላ ቆርቆሮ፣ እኔ እንዳልወድቅ መከታ፣ እያለ እያለ የእማዬ በረንዳ መንገዱ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ይህን ያደረገች ደግሞ እሷ ብቻ አልነበረችም። ከፊት ለፊታችን ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጡት ሐጂ ኑሪ በረንዳቸውን በሲሚንቶ ነው ያስለሰኑት፤ የቀረውም ጎረቤት እንደየአቅሙ ገፍቷል። መንገዱ በፈላ ውሃ እንደታጠበ ሹራብ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ሄዶ፣ ሁለት ጭነት የያዙ አህዮች ፊት ለፊት ሲገናኙ አንዷ የሰው ሱቅ ውስጥ መግባት ግዴታዋ ሆነ።

አንድ በጋ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ጠራ። መንገዱ ይሰፋል፣ በግራና በቀኝ የድንጋይ ቦይ ይሠራለታል፣ ጠጠር ይለብሳል፣ ዛፍ ይተከላል፣ መብራት ይቆማል ተባለ። አዲስ አበባ ያሉ የከተማው ልጆችም ለቦዩ ሊያዋጡ ቃል ገቡ። የቀበሌው አዳራሽ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እማዬም መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች። ከዚያ በረንዳዎቹ መነሳት አለባቸው ሲባል ሰው ሁሉ ጋቢውንና ነጠላውን እየሰበሰበ ወደ በሩ ይል ጀመር። በማግስቱ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው በየቋሚው ላይ ቀይ ቀለም እየቀባ ሲያልፍ፣ ሰፈርተኛው ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ቀዩን የሚሸፍን ነገር ይሰቅል ጀመር፤ አንዱ ፍራሽ፣ አንዱ ጃንጥላ፣ ሐጂ የገመድ ጥቅል፣ እማዬ የሻይ ፎጣ።

ወራት እንዲህ አለፉ። ሐጂ «ብርቄ ታንሳና እኔ እከተላለሁ» ይላሉ፤ እማዬ «የሐጂ ሲሚንቶ ሲፈርስ የኔ ቆርቆሮ በራሱ ይወርዳል» ትላለች። በዚህ መሀል፣ እናንተ ካልፈለጋችሁ ቡታጅራዎች መንገዳቸውን ጀምረዋል የሚል ወሬ ከአዲስ አበባ መጣ። የወልቂጤን ሰው ለማናደድ ከዚህ የባሰ ቃል የለም፤ ሁሉም ተናደደ፣ ተናዶም ግን በረንዳውን ያነሳ አልነበረም። የእማዬ ፍርሃት ግልጽ ነው። በረንዳው ከተነሳ ሰው የት ይቀመጣል? ሰው ካልተቀመጠ እኔና ልጄ ምን እንበላለን? ለጠየቃት ሁሉ የምትመልሰው ይህንኑ ነበር፤ እውነትም ነበረ።

አያቴ፣ የእማዬ አባት፣ ከገጠር ከቸሃ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጥቂት ዓመታት ወደ ከተማ አልወረዱም፤ በረንዳውን የሚያውቁት ገና አንድ ቆርቆሮ ብቻ እያለ ነበር። በገበያ ቀን፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በብብታቸው ይዘው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡና ከበረንዳው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። እማዬ ጉልበታቸውን ስማ፣ አግዳሚውን በፎጣ ጠራርጋ ተቀመጡ አለቻቸው። አልተቀመጡም። በዱላቸው ጫፍ ቋሚውን ነካ አድርገው፣

«ይህ መሬት የማን ነው?» አሏት።

«የኛው ነው አባ፤ በረንዳችን ነው።»

«መንገድ አልነበረም እንዴ?»

«ከተማ እኮ ነው አባ፤ እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ከተማ ሰው የለውም?» አሉና የሻዩን ብርጭቆ ከእጇ ተቀብለው፣ አግዳሚውን አልፈው፣ የቤቱ ደፍ ላይ ያንን የሚያማቸውን ጉልበት እንደምንም አጥፈው ቁጭ አሉ።

የእኛን አገር መንደር ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም። በጉራጌ መንደር በቤቶቹ መሀል ጀፎረ የሚባል ሰፊ፣ ሣር የለበሰ መንገድ አለ። ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ ጉግሱ፣ ሽምግልናው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው፤ አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው ሽማግሌ ተቀምጦበት ያስነቅለዋል፣ ሐፍረቱ ደግሞ አጥሩ ከተነቀለም በኋላ ከልጆቹ ላይ አይወርድም። አያቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ፤ የሰውን አጥር እያስነቀሉ ኖረው የልጃቸውን በረንዳ ጀፎረ ላይ አገኙት። እኛ ከተሜዎቹ ያንን ሁሉ ደንብ ቸሃ ጥለነው የወረድን ይመስላል።

አባት ልጁን ሊጠይቅ መጥቶ ደፍ ላይ ሲቀመጥ፣ ያውም በገበያ ቀን፣ የአገሩ ሰው በሙሉ እያየ። እማዬ ሻይ እየቀዳች ታለቅስ ነበር፤ ምነው ሲሏት ጭሱ ነው ትላለች። አያቴም ሲሄዱ አልተቆጧትም፣ አልመከሯትም፤ ግንባሯን ስመው ወደ ቸሃ የሚመለሰው መኪና ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ሐጂ ሱቅ ሄደችና መዶሻና ዲጂኖ ተዋሰች። ምን ልታደርጊበት ነው ሲሏት «በረንዳዬን ላነሳ» አለቻቸው። ሐጂ የቀለደች መስሏቸው ስቀው ሰጧት፣ ከዚያም በራቸው ላይ ቆመው የመጀመሪያው ቆርቆሮ ሲወርድ አዩ፣ ሁለተኛው ሲወርድም አዩ። ሦስተኛው ላይ ኮፍያቸውን አስተካክለው መንገዱን ተሻገሩና «ወላሂ ብርቄ፣ በዚህ ዕድሜዬ አሳጣሽኝ» እያሉ መሰላሉን ያዙላት። ከሰዓት በኋላ ከማዶ በኩል ሲሚንቶ ሲፈረካከስ ተሰማ። ሳምንቱ ሳያልቅ ከአስፋልቱ ላይ ቆሞ ገበያውን ማየት ተቻለ፤ ከተማችን ይህን ያህል ሰፊ መሆኗን የዚያን ሰሞን ነው ያወቅነው። እማዬም ከቆርቆሮዎቹ አንዱን ማድቤት ጣሪያ ላይ መታችው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግሬደር መጣ፣ መንገዱን ገለበጠው፣ ቦዩም ተቆፈረ፤ ከዚያ ግሬደሩ ተበላሸ ተብሎ ተጎትቶ ሄደ፣ ሥራ ተቋራጩም ዛሬ ነገ እያለ ክረምቱ ገባበት። የክረምቱን ጭቃ ያላየ ሰው ጭቃ አየሁ አይበል፤ የአንድ አስተማሪያችን ጫማ እዚያ ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ አልተገኘም። መንገደኛው ወደ ውስጥ መውረዱን ትቶ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁርሱን ይበላ ጀመር። የእማዬ አግዳሚዎች አልጋው ላይ ተደራርበው እኛ መሬት ተኛን። በዚህ ላይ ጎረቤቶቹ፣ ያስጀመርሽው አንቺ ነሽ እያሉ አፍራሿ የሚል ስም አወጡላት። ሐጂ ብቻ ከሱቃቸው ጣውላ አውጥተው ከቦዩ ማዶ እስከ በራችን ዘረጉና፣ ማለዳ ማለዳ በዚያ ላይ እየተንገዳገዱ መጥተው ለጤናዬ ነው እያሉ ሻይ ይጠጡ ነበር። በአንድ ሐጂ ሻይ ቤት አይቆምም። እማዬ መንገዱ እስከ መስቀል ካልተስተካከለ ቤቱን ዘግታ አዲስ አበባ እህቷ ጋ ልትገባ፣ እኔንም ለአያቴ ልትሰጠኝ ወሰነች። ልብሷን ከልብሴ እየለየች ስታጣጥፍ ባየኋት ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት አሁንም አልረሳውም።

በመንደር ለመስቀል ጀፎረው ይጸዳል፣ ጉድጓዱ ይደፈናል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ልጅ የሚገባው በዚያ ነውና። መስከረም እንደጠባ አያቴ የኛን ወሬ ሰምተው ዶማና አካፋ የተሸከሙ የመንደር ሰዎች አስከትለው ወልቂጤ ወረዱ። እማዬ ሮጣ ወጥታ «ለኔ ብላችሁ ይህን ያህል» ስትል አያቴ «ላንቺ አይደለም፤ ለመንገዱ ነው» አሏትና ጭቃው ውስጥ ገቡ። የከተማው ሰው መጀመሪያ ቆሞ አየ። ሐጂ ግን መጋዘናቸውን ከፍተው አዲስ አካፋዎችን እያወጡ «መስቀልም አረፋም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ምን ያስቆማችኋል?» ብለው ለቆመው ሁሉ ያድሉ ጀመር። ከዚያ በኋላ የቀረ ሰው አላስታውስም። ከወንዝ ድንጋይ በሰው ጀርባና በጋሪ መጣ፣ በጉራጊኛም በስልጢኛም በአማርኛም ተዘፈነ፣ አፍራሿ እያሉ ሲሰድቡ የከረሙት ሴቶች ከእማዬ ጋር ሻይ ሲያድሉ ዋሉ፤ ለመስቀልም መኪናው ሁሉ እየተንገጫገጨ በራችን ድረስ ገባ። ሳጥናችን ሳይጫን ቀረ። የአዲስ አበባ ልጆች ያንን አይተው ቃል የገቡትን አዋጡ፣ ማዘጋጃ ቤቱም አፍሮ ይሁን ደስ ብሎት አላውቅም፣ በበጋው ግሬደሩን መለሰ።

በቀጣዩ ዓመት አያቴ ሲመጡ ቦዩ በድንጋይ ተገንብቶ፣ መንገዱ ጠጠር ለብሶ፣ ችግኙ ቆሞ ነበር። ሰው የት ይቀመጣል ብላ ስትጨነቅ የነበረችው እማዬ መልሷን አግኝታለች፤ መንገደኛው በቦዩ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ሻይ ይጠጣል፣ እኔም ብርጭቆ ለመሰብሰብ እስከ ገበያው አፍ ድረስ እወርዳለሁ። አያቴ ግራና ቀኙን በዱላቸው እየነኩ አዩና፣ ከማያውቁት ሰው አጠገብ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «በይ አሁን ቅጂ» አሏት። እማዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ደግ ነገር አይታለች፤ ያን ቀን እንደሳቀችው ሳቅ ግን ደግሜ አላየሁባትም።

አያቴ ጠጠሩ በኮብልስቶን ሲተካ አልደረሱም፣ ሐጂም ካረፉ ቆዩ፣ እማዬን ባለፈው ዓመት ቀበርናት። አውቶቡሶቹም አዲሱ መናኸሪያ ገብተዋል፤ ከየአገሩ ወሬ ይዞ የሚመጣ ሰው በመንገዳችን አያልፍም። ችግኞቹ ግን አድገው ጥላቸው መንገዱን ያለብሰዋል፣ ያ ቦይም በአንድ ክረምት እንኳ ውሃ ሞልቶት መንገድ ላይ አልፈሰሰም፤ እንግዳ ሲመጣብኝ ሳልጠየቅ ወስጄ የማሳየው እሱን ነው። በረንዳዎቹ ደግሞ እያየኋቸው በሸራና በፕላስቲክ ወንበር ቀስ እያሉ መውጣት ጀምረዋል።

ቆርቆሮውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ስመለስ ፎርማኑ ለአዲሱ ቤት ችካል ተክሎ ሲባጎ ወጥሮ ነበር። ሲባጎው ወደ መንገዱ ወጥቷል። «እትዬ፣ አንድ ሜትር ገፋ ብንል ማንም አይናገረንም፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» አለኝ፣ ሻይም አስመጥቶልኝ ከሲባጎው ወዲያ ኮብልስቶኑ ላይ ወንበር አቀረበልኝ። ብርጭቆውን ተቀበልኩትና፣ ከፈረሰው ቤት ሳይነሳ የቀረው የደፉ ድንጋይ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ምነው እትዬ፣ ወንበር እያለ?»

«የኔ እዚህ ድረስ ነው» አልኩት።

ፎርማኑ እኔን አየ፣ ሲባጎውን አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ችካሉን ነቀለ።