ሩጫና የግንባሬ መርፌ

የመጀመሪያውን መርፌ ግንባሬ ላይ የተወጋሁት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። የተወጋሁትም አንድ ሰው ፊትሽ ያስፈራል ስላለኝ ነው።

ወረታ ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የትምህርት ቤታችን ሜዳ ወደ ምሥራቅ ያያል። ጠዋት ጠዋት ፊሽካዬን ነክሼ፣ ፀሐዩን በዓይኔ ተቀብዬ፣ ስልሳ ተማሪ ሳሰልፍ ኖሬ በሁለቱ ቅንድቦቼ መሃል ሁለት መስመር ወጣ። በኋላ መስመሩ ጠልቆ የሩዝ ማሳ ቦይ መሰለ። ስቄም፣ ተኝቼም፣ ቅዳሴ ቆሜም ግንባሬ እንደተቋጠረ ነበር። እኔ ግን አላስተዋልሁትም፤ የራሱን ግንባር ቀኑን ሙሉ የሚያይ ማን አለ?

ለምክትል ርዕሰ መምህርነት የተወዳደርሁ ጊዜ ነው የነገሩኝ። ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ቃለ መጠይቁንም የሚጠየቀውን ሁሉ መልሼ ወጣሁ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው፣ በር ላይ ጠብቀው ለብቻ አናገሩኝ። የሚያዝኑልኝ ይመስሉ ነበር።

«ሥራውን ታውቂዋለሽ፤ ይህን ማንም አይክድሽም» አሉኝ። «ግን ፊትሽ ሰው አያስጠጋም። ወላጅ ቢሮሽ ሲገባ ይደነግጣል።»

«የበፊቱ ምክትል ግንባር ከእኔ የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም» አልኋቸው።

«እሱማ ወንድ ነው። ቆፍጣና ያስብለዋል።»

ትቻቸው ሄድሁ። ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ስቆም ግን የሰውዬው ቃል ከእኔ በፊት ቆሞ ጠበቀኝ። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ፤ እሳቸው ማለታቸው ሳይሆን እኔ መስማቴ።

ባሕር ዳር የምትኖር ታናሽ እህት አለችኝ። ነገሩን በስልክ ስነግራት አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ደስ አላት። ራሷ የግንባር መርፌውን ከሁለት ዓመት በፊት ጀምራዋለች፤ ለእኔ አልነገረችኝም እንጂ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደምትታከምበት ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ እጇ ቀዝቃዛ፣ አነጋገሯ የተረጋጋ።

«እስቲ ግንባርዎን ይቋጥሩልኝ» አለችኝ።

«ቋጥሬዋለሁ» አልኋት። ሳልቋጥረውም የተቋጠረ ነበር። እህቴ ሳቀች።

ሐኪሟ አምስት ቦታ በመርፌ ነካ ነካ አደረገችኝ። ከዚያ አስረዳችኝ። መርፌው ቆዳውን የሚወጥር አይደለም፤ ነርቩ ጡንቻውን እንዳያዘው ያግደዋል። ጡንቻው ትእዛዝ ሲያጣ ይተኛል፤ እሱ ሲተኛ መስመሩ ይለሰልሳል። ነርቩ ግን ለዘለዓለም ታግዶ አይቀርም፤ ከጊዜ በኋላ ሥራውን ይጀምራል። «ለብዙ ሰው ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል» አለች። «ዛሬ ብቻ አይሩጡ፣ አያሹት፣ ሙቅ ቦታም አይግቡ።»

በሳምንቱ ግንባሬ ሜዳ ሆነ። ሰው ሁሉ «ምን አገኘሽ? ደስ ብሎሻል» ይለኝ ጀመር። ሜዳ ላይ ግን ችግር መጣ። ሁለት ተማሪዎች ሲደባደቡ ደርሼ ስቆጣቸው፣ ቀና ብለው አዩኝና ሳቃቸውን ዋጡ። ድምፄ ይቆጣል፤ ግንባሬ አልሰማም። ከዚያ ወዲያ ዝም ብዬ በማየት የማስቆመውን ሁሉ በአፌ ማስቆም ነበረብኝ።

አሥር ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ አንድ ቀን ፊቴን ስታጠብ ቅንድቤ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ሁለቱ ቦዮች ተመልሰው ገቡ። እህቴ ለእሷ አራት ወር ሙሉ እንደሚቆይላት ነግራኝ ስለነበር የተታለልሁ መሰለኝና ወደ ሐኪሟ ተመለስሁ።

«ስፖርት ይሠራሉ?» አለችኝ።

«ጠዋት ጠዋት ወደ ይፋግ በሚወስደው አስፋልት አሥር ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ።»

«በየቀኑ?»

«እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስለምሄድ አልሮጥም።»

ፈገግ አለች። ከባድ ስፖርት ከሚሠሩ ደንበኞቿ አንዳንዶቹ ቶሎ ለቀቀን እንደሚሏት ነገረችኝ። «ሰውነታቸው ፈጣን ስለሆነ፣ ደማቸውም ስለሚዘዋወር ነው የሚሉ አሉ። ግን እርግጠኛ ሆኜ ሩጫው ነው ልልዎት አልችልም፤ በደንብ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። የጡንቻው ጥንካሬም አለ፤ የመድኃኒቱም መጠን አለ፤ ሰውም ከሰው ይለያያል። የእርስዎ የግንባር ጡንቻ ደግሞ እንደ ባትዎ ነው።»

እህቴ ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከክሊኒኩ ሳንወጣ ወሰነችልኝ። «ሜታቦሊዝምሽ፣ ያ የሰውነትሽ ፍጥነት ነው መድኃኒቱን የሚበላው። ቁጭ የምል እኔ አራት ወር፣ የምትሮጭ አንቺ ሁለት ወር ተኩል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ? ሩጫውን ተይው፤ ቢያንስ ቃለ መጠይቁ እስኪያልፍ።»

የምክትልነቱ ቦታ የተሰጠው ሰው ለቆ ስለነበር ማስታወቂያው እንደገና ሊወጣ ነው ይባል ነበር። እኔም እሺ አልሁ። ሐኪሟ መጠኑን ትንሽ ከፍ አድርጋ ወጋችኝ፤ ሩጫውን አቆምሁ።

እዚህ ላይ ስለ ጠዋት ጓደኞቼ መናገር አለብኝ። ሩጫውን የጀመርሁት ብቻዬን ነው። ሱሪ ለብሳ አስፋልት ላይ የምትሮጥ ሴት ሲያይ መጀመሪያ ከተማው ይስቃል፤ ቀጥሎ ይሰድባል፤ በመጨረሻ ይለምዳል። ከለመደ በኋላ ሦስት ሴቶች ተከተሉኝ። ከሦስቱ ትልቋ የአጥቢያችን ቄስ ባለቤት ናቸው፤ ስልሳ ዓመት ይጠጋቸዋል። ስኳር ተገኝቶባቸው ጤና ጣቢያው በየቀኑ ይራመዱ ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን «የቄስ ሚስት በጎህ አስፋልት ለአስፋልት ስትሄድ ሰው ምን ይላል» ብለው ተቀመጡ። ባላቸው ናቸው «ከመምህሯ ጋር ከሆነ ማን ምን ይላል» ብለው ያስወጧቸው። ነጠላቸውን አደግድገው፣ የላስቲክ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ከሩዝ መፈልፈያው እስከ መጀመሪያው ድልድይ ይራመዳሉ። እኔ ሮጬ ስመለስ አገኛቸውና አብረን እንገባለን። በስምንት ወር ውስጥ ስኳራቸው ወርዶ ነበር።

ለእነሱ ጉልበቴን አሞኛል አልኋቸው። ውሸት ነው። ጉልበቴ እንደ ብረት ነበር።

አልጋ ላይ ጎህ ሲቀድ ነቅቶ መተኛት እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰውነቴ አስፋልቱን ይፈልጋል፤ እኔ ለግንባሬ ስል አስተኛዋለሁ። በወሩ ልብሴ ጠበበኝ። በሁለተኛው ወር እንቅልፌ ተበጣጠሰ፤ በትንሽ በትልቁ እነጫነጭ ጀመር። እናቴ ለወገቧ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ውሰጅኝ ብትለኝ፣ ሙቀቱ መድኃኒቱን ያሟሟብኛል ብዬ ፈርቼ በባጃጅ ከጎረቤት ጋር ሰደድኋት። ሙቅ አትግቢ የተባልሁት ለአንድ ቀን ነበር። እኔ ግን እንደ ድስት ክዳን ተከድኜ፣ አንዲት ጠብታ እንዳትተንብኝ የምጠብቅ ሆኛለሁ።

ግንባሬ እንደለሰለሰ ቆየ። በአሥራ አራተኛው ሳምንት የልጅ ግንባር ይዤ ቃለ መጠይቁ ገባሁ። ጠያቂዎቹ ያው ናቸው። ስወጣ ያ ትልቅ ሰው ደግሞ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ዛሬ ደግሞ ነገሩን ቀለል አድርገሽ የያዝሽው ትመስያለሽ» አሉኝ። «ስለ ሥነ ሥርዓት ስትጠየቂ እንኳ ፊትሽ አልጠነከረም። ተማሪ የሚፈራው ሰው ነው የምንፈልገው።»

ልቆጣቸው ፈለግሁ፤ ግንባሬ እምቢ አለኝ። ስለዚህ በቃል ነገርኋቸው። «አምና ታስፈሪያለሽ አሉኝ፤ ዘንድሮ አታስፈሪም አሉኝ። የሚፈልጉት ፊት እኔ ላይ አይበቅልም። ከእንግዲህ ፈልገው ያግኙት።» መልሳቸውን አልጠበቅሁም።

በዚያው ሰሞን፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቄሱ ቤቴ መጡ። መስቀላቸውን አሳለሙኝና ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በእጃቸው በትንሽ ጠርሙስ ጠበል ይዘዋል።

«ለጉልበትሽ ነው» አሉኝ። «ባለቤቴ ናት ውሰድላት ያለችኝ።»

«እትዬ እንዴት ናቸው?» አልሁ።

«እሷማ ተቀመጠች። አንች ከቀረሽ ወዲህ አልወጣም አለች። ስኳሩም ወጣ። እግሯ ላይ ትንሽ ነገር ቆስሎ አልሽር ብሏት ጤና ጣቢያ እየተመላለስን ነው።»

ጠርሙሱን ከእጃቸው መቀበል አልቻልሁም። በሐሰት ጉልበት ላይ ጠበል ላስረጭ ነው? ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሰውዬውን፣ መርፌውን፣ እህቴ ያለችውን። ተግሣጽ እጠብቅ ነበር። እግዚአብሔር የሰጠሽን መልክ ይሉኛል ብዬ መልሱን ሳይቀር በሆዴ አዘጋጅቻለሁ። እሳቸው ግን ጢማቸውን ይዘው አሰቡ።

«ለስንት ጊዜ ነው የሚቆየው?» አሉኝ።

«ሦስት ወር፣ አራት ወር፣ አባታችን።»

«ሩጫው ሲቀርስ?»

«እርግጡ አይታወቅም። ምናልባት አንድ ሦስት አራት ሳምንት ይጨምር ይሆናል። መጠኑም ስለጨመረ ይሆናል።»

«ሦስት አራት ሳምንት» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ጉልበትሽ እንግዲህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያስ ነገ ማለዳ መጥተሽ አስነሻት። ስለ ግንባሩ ሌላ ቀን እንነጋገራለን።» ጠበሉን ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ሄዱ። ስለ ግንባሩ እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ በራቸው ላይ ነበርሁ። እትዬ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ብዙ እንዳይረግጡበት ተብለዋል። እንግዲያስ የወንበር ስፖርት እንሥራ አልኋቸውና ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን እጅና ወገብ አንቀሳቀስን። እዚያው እውነቱን ነገርኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው ግንባሬን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄ ነው?» አሉኝ። «ለዚህ ነው ጉልበቴን ያልሽን?»

«ለዚህ ነው፣ እትዬ።»

«አንች ሞኝ» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ላይ እንባዬ መጣ። «ብትነግሪኝ ኑሮ እኔም እዚህ ላይ አስወጋ ነበር እኮ» ብለው የዓይናቸውን ጫፍ አሳዩኝ።

እግራቸው ለመሻር ሁለት ወር ፈጀ። በየማለዳው እየሄድሁ አብሬያቸው ሠራሁ፤ ከዚያ አስፋልቴን እሮጣለሁ። ሲሽርላቸው መጀመሪያ እስከ መፈልፈያው፣ ቀጥሎ እስከ ድልድዩ ሄድን። ሌሎቹም ሴቶች ተመለሱ። ስኳራቸው እንደገና ወረደ።

ይህን ስናገር መርፌውን ሁለተኛ ላልነካው ማለች እንዳይባል። አልማልሁም። ወረታ ውስጥ ወሬው ወጥቶ፣ ገበያ ላይ አንዲት ሴት «በዚህ ዕድሜሽ መርፌ?» ብትለኝ፣ «በዚህ ዕድሜዬ ነው እንጂ በልጅነቴማ ምን አደርገዋለሁ» አልኋት። ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ሄጄ ተወጋሁ፤ ለማንም ቃለ መጠይቅ ሳይሆን ለራሴ ደስ ስላለኝ። በማግስቱ ሐኪሟ የፈቀደችውን ሰዓት ጠብቄ ሮጥሁ። አሥራ አንድ ሳምንት ግድም ቆየ። ሩጫው ይሁን፣ የጡንቻዬ ጥንካሬ ይሁን፣ ተፈጥሮዬ ይሁን አላውቅም፤ ሐኪሟም አላወቀችም። ሲለቅ ለቀቀ። የሚጨምርልኝ ሦስት አራት ሳምንት ቢኖር እንኳ የሚጠይቀኝን ዋጋ አውቄዋለሁ፤ አልከፍልም። የሚሮጥ ሰውነት ቶሎ የሚጨርሰው ከሆነ፣ ይጨርሰው።

እህቴ ይህን አትቀበልም። በፋሲካ ልትጠይቀን መጥታ፣ ደጅ ላይ አዲስ ስፖርት ጫማ አጥልቃ ቆማ አገኘኋት። ልታየን ነው። ሩዝ ማሳው ታጭዶ ሜዳው ባዶውን ነው፤ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ተበትኗል። እኔ ሮጬ ሳልፋት እሷ ከሴቶቹ ጋር ትራመዳለች። ስመለስ ከድልድዩ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታለከልካለች፤ እትዬ አልፈዋት ሩቅ ሄደዋል።

«ለዚህ ነው የፊትሽን መርፌ የምታቃጥይው?» አለችኝ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ለዚህ ነው» አልኋት። እጇን ይዤ አስነሣኋትና እትዬን ለመያዝ ተከተልናቸው።