የአርቮ አጋዘን ጫኝ ሞተር

ወንድሜ አርቮ እጅና እግሬን በገመድ አስሮ እንደ ሞተ አጋዘን ሞተር ላይ ሲጭነኝ ስልሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ፣ አንድም ልጅ ሳላቆስል በክብር ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች መጋረጃቸውን ገልጠው ያዩኛል። እኔ ደግሞ ሰማይ ሰማዩን እያየሁ፣ እናቴ ይሄን ሰው ምን ብላ ወለደችው እላለሁ።

«አትንቀሳቀሺ!» ይለኛል። «የሞተ አጋዘን አይንቀሳቀስም።»

«የሞተ አጋዘን ወገቡን አያመውማ!»

«ስሚ አይሊ፣ በልክሽ የሚሆን ሌላ ሰው ባገኝ አንቺን አልለምንም ነበር። ሆድ ዕቃው የወጣለት ትልቅ ወንድ አጋዘን የሚመዝነው ልክ አንቺን ነው።»

አርቮ ኒስካላ ማለት ይኸው ነው። ይሄን ሲል እየሰደበኝ አልነበረም፤ እያመሰገነኝ ነበር።

በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ግንድ የሚያመላልሱ የጭነት መኪኖችን ሲጠግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖሯል፤ በዚህ አካባቢ እጁ ያልገባበት ሞተር የለም። ሚስቱ ጁዲ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ እራቱን እኔ ቤት ይበላል፤ ሳህኑን አጽድቶ ሲያበቃ «ጨው አንሶታል» ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያችንን፣ የማነደው እኔ ነኝ፤ እሱ የላይኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጥና «እሳቱ ደከመ» ይለኛል። ከሁለት ዓመት በፊት የግራ ዳሌው አልቆ ብረት አስገቡለት። ሐኪሟ ከባድ ነገር እንዳይጎትት ስትነግረው፣ ከባድ የሚባለው ስንት ኪሎ እንደሆነ ሊከራከራት ተነሣ። መዘዙ የጀመረው ከዚያ ነው።

አባታችን ጫካው ውስጥ የሠራው የአደን ካምፕ አለን፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ምድጃ፣ ስድስት አልጋ። ከካምፑ በስተጀርባ ጅረት አለ፤ ከጅረቱ ማዶ ረግረግ፣ ከረግረጉ ማዶ ደግሞ አርቮ አጋዘን የሚጠብቅባት ማማ ያለችበት ኮረብታ። አደን በሚከፈትበት ቀን፣ ከዐሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ፣ ያቺን ማማ አንድ ዓመት ዘሏት አያውቅም። ሠርጉን እንኳ ከአደን ጋር እንዳይጋጭበት ብሎ ወደ ጥር ያዛወረ ሰው ነው። ጁዲ ይሄንን እስክትሞት ድረስ ታነሣበት ነበር።

በካምፑ በር ላይ ግን አንድ ወረቀት አለ። «ከጅረቱ ማዶ የሚያድን ሰው የገደለውን ራሱ ጎትቶ ያመጣል። የማይችል ከጅረቱ ወዲህ ይቆያል» ይላል። የጻፈው ማን ይመስላችኋል? አርቮ ራሱ ነው። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት፣ አባታችን በስተርጅናው ኮረብታው ላይ አንድ አጋዘን ጣለ፤ ጅረቱ ድረስ ጎትቶት ልቡ ደከመ። አምስት ወንዶች የአደኑን የመጀመሪያ ቀን አባታችንንና አጋዘኑን ሲያወጡ ዋሉ። በማግስቱ አርቮ ወረቀቱን ጻፈና በምስማር መታው። አባታችን ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ለሌሎች ወጥ ሲሠራ ቆይቶ ሞተ። ወረቀቱን ማንም አልነቀለውም። እኔም አልነቀልኩትም።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። አሁን ካምፑን የሚመራው የሟች ወንድማችን ልጅ ከርት ነው፤ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ደንብ ይወዳል። ባለፈው ሐምሌ እኔ ቤት እራት እየበላን ሳለ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አጎቴ፣ ዘንድሮ ከጅረቱ ወዲህ ቢሆኑስ?»

«ማነው ያለው?»

«እኔ አይደለሁም። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የእርስዎ እጅ ነው።»

«ወረቀቱ ራሱ ይጎትት አለ እንጂ፣ በእጁ ይጎትት አለ እንዴ?»

ከርት እኔን አየኝ፤ እኔ ሳህኔን አየሁ። «እሺ፣ በሞተርም ይሁን» አለ ከርት። «ግን አጋዘኑን የሌላ ሰው እጅ ከነካው ማማው ቀረ። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለ አርቮ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ ጨው እንዳቀብለው ጠየቀኝ።

በሳምንቱ ከመኪናው ኋላ የሆነች ነገር አውርዶ ግቢዬ ውስጥ አቆማት። አንዲት ሴትዮ ልጇ አድጎ የተዋቸውን ዕቃዎች ስትሸጥ ያገኛት ሞተር ናት። ቢጫ ናት፤ ቁመቷ ከጉልበቴ አያልፍም፤ የሣር ማጨጃ ሞተር የተገጠመላት የልጅ መጫወቻ። አርቮ ሲቀመጥባት ጉልበቱ ጆሮው ጋ ይደርሳል።

«ይቺ ናት አጋዘን የምትጭነው?» አልኩት።

«እንዲህ እንዳለች አይደለማ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጨጓራዬን ላጠው። ፍጥነቷ ቀርቶ ጉልበት እንዲኖራት ካቴናው የሚዞርበትን የኋላ ጥርሷን በትልቅ ለወጠ። ለረግረግ ብሎ ወፍራም ጎማ አመጣ፤ ጎማው አልገባ ሲል የፊት ሹካዋን ቆርጦ አስፍቶ በየደ። አውሬ እንዳታስደነግጥ ድምፅ ማፈኛ ማርሚታዋን በትልቅ ቀየረ፤ ድምፅዋ ግን ያው ነው። ከአሮጌ አልጋ ብረት የኋላ መጫኛ ሠራላት። አልጋው የእኔ የእንግዳ አልጋ መሆኑን ያወቅኩት እንግዳ የመጣብኝ ቀን ነው። ካቴናው በወለቀ፣ ካንዴላው በጠቆረ፣ ዳዶ በጠፋ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። «አይሊ፣ ነይ መብራት ያዢልኝ።» መብራት ስይዝለት «እዚያ አይደለም» ይለኛል። የት እንደሆነ አይነግረኝም።

እኔን አስሮ የጫነኝ ቀን ነዳጅ ሲሰጣት የፊት ጎማዋ ሽቅብ ተነሣ። እሱ ወደ ግራ ወደቀ። እኔ እንደታሰርኩ ወደ ኋላ ተንሸራትቼ በመቀመጫዬ ጠጠሩ ላይ አረፍኩ። ተጎዳሽ ወይ የለ፣ አይዞሽ የለ። ሞተሯን ዞሮ ዞሮ አያትና «ፊቷ ቀሏል» አለ።

ፊቷን ሊያከብድ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ በአራት ቡሎን አሰረባት። እውነትም ፊቷ መነሣት ተወ። ሐዲዱ ግን ሹካውን አጎበጠው፤ ሹካውን በፌሮ ብረት ደገፈው። ፌሮውና ሐዲዱ አንድ ላይ ሲሆኑ ከበዷት፤ የሣር ማጨጃውን ሞተር አውርዶ በሚበልጥ ለወጠው። መስከረም ሲያልቅ ሁለት ሆነን ከመሬት ማንሣት አቃተን።

«አርቮ፣ ክብደት ብቻ እኮ ነው የምትጨምርባት። የምትሄድበት ረግረግ ነው።»

«በአደን ጊዜ ረግረጉ ድንጋይ ነው። በረዶ ያልሠራበት ዓመት አለ?»

«የዛሬ ሦስት ዓመትስ?»

«የዛሬ ሦስት ዓመት ሌላ ነው።»

ከእሱ ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሞተሯን ቢጫ ቀለም ደግሞ ቀባት።

ዘንድሮም በረዶ አልሠራም። አደን በተከፈተበት ጧት የሚያካፋ ዝናብ ነበር፤ ረግረጉ እንደ ገንፎ ለስልሷል። አርቮ ጅረቱ ላይ ጣውላ አንጥፎ ተሻገረ። ሞተሯ ባዶዋን ስለነበረች ረግረጉን እየተንገዳገደች አለፈች። «አየሽ!» ብሎ ከማዶ ጮኸ፤ በጫካው ያለውን አውሬ ሁሉ እያነቃ።

የእኔ ማማ ከጅረቱ ወዲህ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የእሱን ጠመንጃ ሰማሁ። አንድ ጥይት ብቻ ነው፤ አርቮ ሁለት አይተኩስም። አንድ ሰዓት ያህል ይሁን ከዚያ ያነሰ፣ ብቻ ጥቂት ቆይቶ ሞተሯ ተነሣች። ቁልቁለቱን ስትወርድ ደህና ነበረች። ረግረጉ ጋ ስትደርስ ጮኸች፣ ደግማ ጮኸች፣ ታፈነችና ዝም አለች።

«ይኸው!» አልኩ ለብቻዬ።

ራሱ ያውጣት ብዬ ጨከንኩ። የሄል ቅመም የገባበት ዳቦዬን አውጥቼ እየበላሁ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት አለፈ፤ አምስት ሰዓት ሆነ፤ ከማዶ ምንም ድምፅ የለም። እሱንም፣ ሞተሯንም፣ ልጇ ያደገባትን ሴትዮም እየተራገምኩ ከማማዬ ወረድኩ።

ቢጫዋ ሞተር እስከ መቀመጫዋ ጭቃ ውስጥ ገብታለች፤ ፊቷ ላይ ያለው ሐዲድ ጨርሶ አይታይም። ከእሷ ጀምሮ ወደ ጅረቱ የተጎተተ ነገር ዱካ አለ። በዱካው ጫፍ አርቮ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሟል። ከኋላው ቀንዱ ስምንት ቅርንጫፍ ያለው የሚያምር አጋዘን ተዘርግቷል። የወንድሜ ፊት አመድ መስሏል።

«ክብደት እየጨመርክ ነው ብዬህ ነበር?»

«ብለሽኛል።»

ይሄን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ደነገጥኩ። እጄን ወደ ገመዱ ሰደድኩ።

«እንዳትነኪው!»

«እዚህ ማን ያየናል?»

«እንዳትነኪው አልኩሽ! ከነካሽው ማማው ቀረ።»

ስድስት እርምጃ ይጎትታል፣ ይቆማል፣ ጥድ ተደግፎ ይተነፍሳል። እንደገና ስድስት እርምጃ። እኔ ሁለት ጠመንጃ ተሸክሜ፣ እንደ ቀብር አጃቢ ከኋላው አዘግማለሁ። ሁለታችን ብንይዘው በግማሽ ሰዓት ካምፕ የምንደርሰውን መንገድ ስድስት ስድስት እያልኩ ስቆጥር ደሜ ፈላ።

«እዚሁ ብትሞት እኮ አንተንም አጋዘኑንም የምጎትት እኔ ነኝ!» አልኩት።

ጣውላው ጋ ሲደርስ የግራ እግሩ ከዳውና አጋዘኑ ላይ ቁጭ አለ። ዝናቡ ከቆቡ ላይ ይንጠባጠባል።

«አባባ ያን ቀን እዚህ ጋ ገመዱን አልለቅም ብሎኝ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ሌሎቹ ገና አልደረሱም ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኳቸው።»

«ምን አለህ?»

«ምንም። እጁን ኪሱ ከተተና ወዲያ ዞረ።»

ልመታውም አማረኝ፣ ላቅፈውም አማረኝ። የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝና ቆሜ ቀረሁ። እሱ ገመዱን ከትከሻው አውርዶ አንዱን ጫፍ ዘረጋልኝ።

«ያዢ» አለኝ።

ያዝኩ። ጣውላውን ተሻገርን፣ ዳገቱን ወጣን፤ መንገድ ላይ የቆምነው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። የካምፑ ጭስ በዛፎቹ መካከል ሲታየኝ ገመዱን ለቀቅኩ።

«ከዚህ ወዲያ ብቻህን ግባ» አልኩት። «እኔ ዞሬ በዋናው መንገድ እመጣለሁ። ማንም አላየንም።»

አልተንቀሳቀሰም።

«አርቮ፣ ማማህን እኮ ነው የምታጣው!»

«ያዢ አልኩሽ።»

ሁለታችንም ገመዱን እንደያዝን ገባን። ከርት ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። እኛን እንዳየን፣ ያላየ ለመምሰል ቶሎ ብሎ ፊቱን ወደ እንጨቱ ክምር አዞረ፤ እሱም አንጀቱ አልቻለለትም።

«አጎቴ» አለ፣ ሳያየን፤ «አክስቴ እዚህ በር ላይ ተቀብላዎት ነው እንጂ ብቻዎን ነው የጎተቱት፣ አይደል?»

«አይደለም» አለ አርቮ። «ሁለት ሆነን ነው። የበለጠውን የጎተተችው እሷ ናት። ነገ ጧት ማማዬ ላይ አንተ ትወጣለህ። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ከመጣ የግራውን መስኮት ዝጋው። ሞተሯንም መሬቱ ሲጠጥር ታወጣታለህ፤ ሐዲዱን መጀመሪያ ፍታው፣ ቡሎኖቹ አራት ናቸው።»

የበለጠውን የጎተትኩት እኔ አይደለሁም፤ ከጅረቱ ወዲህ ያለውን እኩል ነው የጎተትነው፣ ከዚያ በፊት ያለው የእሱ ብቻ ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ተናድጄበት አላውቅም። ለአንድ ጊዜ ልዋሽለት ቆርጬ ነበር፤ ከርትም ቆርጦ ነበር፤ እሱ ግን አልፈቀደልንም። ገመዱን እዚያው ጣልኩትና ከእንጨቱ ክምር ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።