ጽጌ ያላረመችው ፊልም የለም

ጽጌረዳ ፊልም አታይም፤ ታርማለች። እኔ ካዛንቺስ ባለው መሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛዋ አጠገብ የምቀመጥ፣ ምሳ ቋጥረን አብረን የምንበላ ጓደኛዋ ነኝ። ስንቱን ፊልም ገና ሳላየው አበላሽታብኛለች መሰላችሁ!

ኮሜዲ አያስቃትም። «ወድቆ ተነሳ፣ ወድቆ ተነሳ፣ በቃ! ሰው ሲወድቅ ማየት ካማረኝማ ክረምት ላይ ላንቻ ጭቃው ዳር እቆማለሁ» ትላለች፣ ዳይሬክተሩ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ ምሳ የሚበላ ይመስል። ላቭ ፊልም ከሆነማ አያድርስ! «እሷ አኩርፋ ኤርፖርት ሄደች። እሱ በዝናብ ይሮጣል። ለምን ይሮጣል? ስልክ የለውም? አንዴ ደውሎ ‹የት ነሽ?› ቢል በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር። ደግሞ ሕዝብ መሀል መንበርከክ ምን የሚሉት ነው? እምቢ ብትለው የት ሊገባ ነው?»

ስፖርት ፊልም ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። ያደገችው ስታዲየም አካባቢ፣ የጎል ጩኸት እየሰማች ነው። መጀመሪያ ላይ «ውሸት ነው» ትላለች። «ሲሸነፍ የከረመ ቡድን በመጨረሻው ደቂቃ ዋንጫ በላ? እኛ ጋ ሲሸነፍ የከረመ ቡድን ይወርዳል!» ይህን ያለችው ሴትዮ ታዲያ ፊልሙ ሲጀመር «አቀብያት! ኧረ አቀብያት አንቺ!» እያለች ስክሪኑ ላይ ትጮኻለች። ዋንጫው ሲነሳ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። «ጉንፋን ነው» ትለኛለች፤ እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ሶፍት አቀብላታለሁ።

እናቷ «ይቺን ምላስ ይዘሽ ማን ያገባሻል?» ሲሏት፣ «ትዕግሥቱን የሰጠው አይጠፋም፣ እማዬ» ብላ ትስቃለች።

አልጠፋም። መብርሃቶም ይባላል፤ የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን ነው። ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ጥበቃውን እንኳ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚል ልጅ ነው። ጽጌን ከወደዳት ቆይቷል። ነገር ግን ሐዋሳ ቅርንጫፍ ዝውውር ደረሰው፤ በወሩ መጨረሻ ይሄዳል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆመኝ።

«ሀኒ፣ ሳልጠይቃት ከሄድኩ በቃ፣ አለቀልኝ። ከጠየቅኳት ደግሞ ሙድ ትይዝብኛለች።»

«ምን ልትል ትችላለች?»

«የፊልሙን ሰውዬ ያለችውን ነዋ! ምሳ ሰዓት ከጎናችሁ እኮ ነው የምቀመጠው፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አልንበረከክም፣ አበባ አልይዝም፣ ከዘነበም እጠለላለሁ።»

ሳቄን ዋጥኩት። አንጀቴን በላው። «ሲኒማ ጋብዛት» አልኩት። «ስፖርት ፊልም ይሁን። ሲያልቅ ሆዷ ይባባል፤ ያኔ ጠይቃት።» ብቻዬን አልችልም ብሎ እኔንም ጎትቶ ወሰደኝ። የኔን ቅዳሜ የሚመልስልኝ ማን ነው?

ፊልሙ ስለ አንድ የገጠር ከተማ የሴቶች ቡድን ነበር። ጽጌ እንደ ልማዷ ጮኸች፣ ዳኛውን ሰደበች፣ አለቀሰች። ስንወጣ ድምጿ ተዘግቶ ነበር። እኔ «ፈንዲሻ ልግዛ» ብዬ ላሽ አልኩ፤ ጆሮዬን ግን እዚያው ትቼ ነው የሄድኩት።

«እንዴት አየኸው?» አለችው። «መጨረሻው ትንሽ አልተጋነነም?»

መብርሃቶም ላብ በላብ ሆኗል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ አፉን ከፈተ።

«ጽጌ... ማለቴ... ያገቡኛል?»

ወይ ጉድ! «ታገቢኛለሽ ወይ?» ማለቱ እኮ ነው! ስንት ዓመት «አንቺ» ሲላት ኖሮ፣ ደንግጦ እንደ አለቃ «እርስዎ» አላት። አጠገባቸው የነበሩ ሴትዮ ዘወር ብለው አዩት። ጽጌ ሳቀች። ሳቅ ስላችሁ ፈገግታ እንዳይመስላችሁ፤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ነው።

የመብርሃቶም ፊት አመድ መሰለ። «ይቅርታ» አለና ወደ በሩ ሄደ። እኔ ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው! ልጁ ስንት ቀን ተጨንቆ የመጣበትን ነገር እንዲህ ይሳቅበታል? ፈንዲሻዬን ይዤ «አንቺ ልጅ፣ ትንሽ አታፍሪም?» ልላት ስንደረደር እሷ ቀደመችኝ።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብላ በዚያ በተዘጋ ድምጿ ጮኸች፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። «ሽማግሌ ይላኩ እንጂ!»

በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። የሰማውን ያመነ አልመሰለም። እኔማ ፈንዲሻው ከእጄ ተበተነ።

«መ... መቼ?» አለ።

«የሚቀጥለው እሁድ ጠዋት» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «ብቻ ከኳሱ በፊት ይድረሱ። ኳስ ከጀመረ አባዬ ሽማግሌም አያስገባም!»