ውሃ የጠጣ ድንጋይ

እናቴ «ዝናብ የማያጠፋው ምድጃ ሥራልኝ» ያለችኝ ወንድሜ ቤት ሳይገባ በቀረ በሳምንቱ ነበር።

ወንድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። አስተማሪ ነበር። ጊዜው ቀይ ሽብር ነው፤ ስሙ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ባለ ዝርዝር ላይ መግባቱን አንድ ሰው ሹክ ቢለው በጓሮ አጥር ሾልኮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በሕይወት መኖሩን የምናውቀው በአንድ የሸቤ ገበሬ በኩል ነው። ሰውዬው ወንድሜን በቡና ማሳው ውስጥ ደብቆት ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ለገበያ ጅማ ሲመጣ በደጃችን ያልፍና፣ ሳይቆም፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል። እናቴ ለዚያች አንድ ቃል ስትል ሐሙስ ጠዋት ከደጅ አትጠፋም።

አንድ ሐሙስ ግን ሰውዬው ቆመ። ውሃ አጠጡኝ ብሎ ገባና ብርጭቆውን እንደያዘ ነገረን። ወንድሜ ድንበር ሊሻገር ነው። ከመሄዱ በፊት እናቱን ማየትና ምርቃቷን መቀበል ይፈልጋል። በሚመጣው ሐሙስ ጀምበር ስትጠልቅ ከቤታችን ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ መሀል ሆኖ ጓሯችንን ያያል። እሳት ካየ ቤቱ ሰላም ነው፤ ይወርዳል። ካላየ ይመለሳል።

ያን ሐሙስ ዘነበ። ጅማን የሚያውቅ ዝናቧን ያውቃል፤ አስጠንቅቆ አይመጣም፣ ተሰናብቶም አይሄድም። እናቴ በሦስት ጉልቻ መሀል ያነደደችው እሳት ሁለቴ ጠፋ። ሁለቴ ለኮሰችው። በሦስተኛው ክብሪቱ ራሱ ረጠበ። ጆንያ ከእሳቱ በላይ ወጥራ ይዛ ቆማ፣ «ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ» ትለው ነበር፤ ዝናቡን ይሁን እሳቱን አላውቅም። ወንድሜ መጥቶ ኖሯል። ጨለማ ጓሮ አየና ተመለሰ።

በሳምንቱ ገበሬው እንደ ልማዱ ሳይቆም፣ «በአሥራ አምስት ቀን። ከዚያ በኋላ የለም» ብሎን አለፈ።

እናቴ የሆቴል አንሶላ እየቀቀለች የምታጥብ ሴት ነበረች። ስለዚህ ጓሮዋ ውስጥ ትልቅ ምድጃ ቢሠራ ማንም ለምን አይልም። ችግሩ ምድጃ ሠርቼ አላውቅም። የማውቀው በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥም መጻፍ ነው፤ እሱንም ማንም አላስተማረኝም። ከእኛ በሦስተኛው ቤት ወደሚኖሩት አሮጌ ግንበኛ ሄድኩ። የሰፈራችን የበቾ ቦሬ ነባር ሰው ናቸው፤ ግማሹን የሰፈሩን ግንብ የሠሩት እሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ ለእማ የልብስ መቀቀያ ምድጃ ልሠራላት ነው። ዕድሜ ልክ የሚቆይ።»

«አንተ?» አሉና ጣቶቼን አዩ። «ግጥም የምትጽፈው ልጅ አይደለህም እንዴ? ድንጋይ እኮ እንደ ግጥም አይደለም፤ ሲሰረዝ ጣት ይዞ ነው የሚሄደው።»

ቢያሾፉም መጡ። መሬቱን በበትራቸው ክብ አድርገው ጫሩት። እስከ ጉልበት ቆፍር አሉኝ። ከታች ጠጠር አፍስስ፣ ውሃ ቢገባ ወደ መሬት ይስረግ። ዙሪያውን ቦይ አውጣ። በሦስት በኩል ግንብ ይኑረው፣ ከላይ የበርሜል ቆርቆሮ ይልበስ፣ በአንድ በኩል አፍ ይተውለት።

«አፉ ወዴት ይሁን?»

«ወደ ኮረብታው» አልኳቸው።

«ነፋሱ ከዚያ አይደል የሚመጣው? ጭሱን በሙሉ ቤታችሁ ልታስገባ ነው?»

«እማ እንደዚያ ነው የምትፈልገው።»

ኮረብታውን አዩ። እኔን አዩ። የወንድሜን መጥፋት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ቶሌ» አሉ ቀስ ብለው። ቶሌ እሺ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጭስ አላነሱም።

ድንጋዩ ከካባ መምጣት ነበረበት። ከካባ ድንጋይ ለማውጣት ደግሞ የቀበሌ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ቀበሌ ሄጄ የአባቴን ስም ማስጻፍ ወንድሜን ማስጠራት ነው። ስለዚህ በጆንያ ከአዌቱ ወንዝ ድንጋይ ተሸክሜ መጣሁ። ሽማግሌው አንዱን አነሡና በመዳፋቸው መዘኑት።

«ይሄ ውሃ የጠጣ ነው።»

«ይደርቃላ፣ አባባ።»

«ላዩ ይደርቃል። ሆዱ ግን አንድ በጋ ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል። አሁን እሳት ቢያገኘው ይጮሃል።»

«ይጮሃል?»

«ይፈነዳል፣ አቦ! ማሎ፣ እባክህ እንዳታስገባው። የኔን የፈረሰ አጥር ድንጋይ ውሰድ፣ እሱ ስንት ዘመኑ ነው ፀሐይ ሲሞቅ።»

የእሳቸውን ድንጋይ ወሰድኩ። ሻካራና መልከ ጥፉ ነበር፣ አሮጌ ኖራ እንደ እከክ የያዘው። እሳቸው ለሥራ ወደ ሰቃ ሄዱ፤ እኔ ብቻዬን ስገነባ ዋልኩ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግንቡ ከአፉ ግራና ቀኝ አንድ ረድፍ ጎደለው። ዝቅ አድርጌ ልተወው እችል ነበር። ይህን የምለው ለእውነት ስል ነው። ምንም አይጎዳውም ነበር። የወንዙ ድንጋዮች ግን ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ያዩኛል፤ እንደ እንቁላል ልሙጥ፣ አንዱ ወገቡ ላይ ነጭ መቀነት ያለው። ወንድሜ ሲመጣ ያማረ ነገር እንዲያይ ፈለግሁ። አሥር ቀን ፀሐይ መትቷቸዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩና ስምንቱን ደርድሬ በጭቃ መረግኳቸው። ትንሽ እሳት ለኩሼ ሞከርኩት። ምንም አልሆነም። እናቴ እጇን ነጩ መቀነት ላይ አሳርፋ፣ «ይሄ ያምራል» አለች።

ሐሙስ ዕለት ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም። እናቴ ጠጉሯን ታጥባ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ጀምበሯ ወደ ባሕር ዛፉ ስታዘነብል እሳቱን ለኮሰችው። እንጨት ጨመረች። አሁንም ጨመረች።

«እማ፣ ይበቃል።»

«አይበቃም። ባለፈው አላየውም።»

ነበልባሉ የበርሜሉን ቆርቆሮ ይልስ ጀመር። የእናቴ ፊት በብርሃኑ ውስጥ የልጃገረድ ፊት መሰለኝ። ያኔ ነው የመጀመሪያው ድንጋይ የጮኸው። ድምፁ ከጠመንጃ አይለይም። ስባሪው አጠገቡ ውሃ ሞልቶ የቆመውን የልብስ መቀቀያ በርሜል መታና አስጮኸው። ከዚያ የሰፈሩ ውሾች በሙሉ ዝም አሉ፤ ውሾች ዝም ሲሉ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

«ላጥፋው?» አለችኝ እናቴ። እኔን ጠየቀችኝ።

«አይሆንም» አልኳት። «ከጠፋ አይወርድም።»

ፊሽካ ተነፋ። ሦስት አብዮት ጠባቂዎች የጎረቤታችንን አጥር ዘለው ገቡና ቁጢጥ አስባሉን፤ እጃችንን ጭንቅላታችን ላይ አድርገን፣ ከእሳቱ አጠገብ።

«ማነው የተኮሰው?» አለ አለቃቸው።

«ድንጋይ ነው፣ ጌታዬ» አለች እናቴ።

«ድንጋይ! ሰማችሁ፣ ጓዶች? ድንጋይም መተኮስ ጀመረ።» ሳቁ። «ለመሆኑ ድንጋዩ ተራማጅ ነው አድኃሪ?»

«አድኃሪ ይሆናል» አለ ሁለተኛው፣ «ከተደበቀበት ነው የተኮሰው።»

«ጥይት ቀብራችኋል። ፈልገው!» አለ አለቃቸው።

ትንሹ ጠባቂ፣ በዕድሜ ከእኔ የማይበልጥ፣ ጎንበስ ብሎ ፍሙን በጠመንጃው አፈሙዝ ይቆሰቁስ ጀመር። ነጭ መቀነት ያለው ድንጋይ ፊቱ ላይ ፈነዳ። ልጁ በጀርባው ወደቀ፤ ሲወድቅ ጣቱ ምላጩ ላይ ነበርና ጠመንጃው ወደ ሰማይ ተኮሰ።

ማንም አልተጎዳም። ልጁ ተነሣና ሱሪውን አራገፈ፤ አለቃው የተሰነጠቀውን ድንጋይ፣ ከሆዱ የሚወጣውን እንፋሎት አየ። እናቴ እውነቷን እንደሆነ ገባው። ያናደደውም ይሄ መሰለኝ። እሳቱን በጫማው በታተነው፤ ከዚያ የመቀቀያውን በርሜል ገፍቶ ውሃውን በሙሉ ላዩ ላይ ገለበጠው።

«ስለዚች ጥይት የሚያወራ ካለ» አለና ሳይጨርስ ወጣ።

እሳቱ በአንድ ትንፋሽ ነው የጠፋው። እንደገና ለማያያዝ ሞከርን። ከረጠበው እንጨት የወጣው ጭስ ብቻ ነበር፤ ሽማግሌው እንዳሉትም ወደ ቤት ገባ። ኮረብታውን ቀና ብዬ አየሁት። ዛፎቹ አንድ ጥቁር ነገር ሆነዋል።

ገበሬው በሚቀጥለው ሐሙስ አላለፈም። ከዚያም በኋላ አላለፈም። ግንበኛው ከሰቃ ሲመለሱ ስባሪውን አነሡና እኔን ሳያዩ፣ «ዲሲ፣ ተወው» አሉኝ። ከሆነ ቦታ ጥቁር ድንጋይ አምጥተው ምድጃውን በገዛ እጃቸው እንደገና ሠሩት። ስንጥቅ ሳያወጣ ቆመ። እናቴም በየሐሙሱ፣ ዝናብ ቢሆን ፀሐይ፣ ታነደው ጀመር። ስለ ወንዙ ድንጋይ ምን እንደተባልኩ አልነገርኳትም። ድንጋይ ሊፈነዳ እንደሚችል ማን ያውቃል ብላ ለጎረቤት ስታወራ እሰማለሁ። ዝናብ አባርቶ የጣራችን ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ ጠቅ ባለ ቁጥር ግን እነሣ ነበር።

ሦስት ዓመት አለፈ። በቡና ለቀማ ወራት ሰቃ አንድ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ለመስፋት ተቀጠርኩ። አንድ ቀን ጠዋት በቅሎውን የሚያራግፍ ሰው አየሁ። እሱም አየኝና ፊቱን አዞረ። ሮጬ ክንዱን ያዝኩት። ገበሬው ነበር።

«ተርፈሃል?» አለኝ። «አልሐምዱሊላህ። አንተ እንኳ ተርፈሃል።»

«ከምን?»

«እናትህን አላህ ይማራቸው። ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ። ወላሂ፣ ፈርቼ ነው። በኋላም አፍሬ ነው።»

«እናቴ እኮ አለች» አልኩት። «ባለፈው እሑድ ነው ስንቄን ቋጥራ የሸኘችኝ።»

የበቅሎዋን ልጓም ለቀቀው። የቡና ጆንያ ላይ ተቀመጠና ነገረኝ። ያን ቀን ሁለቱም ኮረብታው ላይ ነበሩ። ወንድሜ እሳቱን ሲያይ ስቋል፤ «ቤቱን ልታቃጥለው ነው እንዴ?» ብሎ ሊወርድ ተነሥቷል። አንድ ተኩስ ሰሙ። ቆሙ። የሰው ድምፅ ሰሙ። ከዚያ ሁለት ተኩስ፣ አከታትሎ። ከዚያ እሳቱ ድርግም አለ።

«ልሂድ አለ። ቀበቶውን ያዝኩት። አፉን አፈንኩት። ነከሰኝ፣ እየው።» አውራ ጣቱ ሥር ነጭ ጠባሳ ነበር። «ከዚያ ተቀምጦ አለቀሰ። በእኔ የተነሣ ገደሏት አለ። ከዚህ በኋላ የምመለስበት የለኝም አለ። በማግስቱ ሄደ። ሌላ አላውቅም።»

ይህን ይዤ ጅማ ገባሁ። ለእናቴ ሳልነግራት ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ልጅሽ በሕይወት ካለ ሞተሻል ብሎ ነው የሚኖረው ብዬ ከየት እጀምራለሁ? ግጥም አድርጌ ሞከርኩት። ቀደድኩት። በሦስተኛው ሐሙስ እንጨት አቅፋ ወደ ምድጃው ስትሄድ መንገዷ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ግንበኛው ምን እንዳሉኝና እኔ ምን እንዳደረግሁም።

እንጨቱን አላስቀመጠችም።

«መጥቶ ነበር?» አለች።

«መጥቶ ነበር።»

«እሳቱን አይቷል?»

«አይቷል። ስቋል።»

«አለቀሰልኝ?»

«አዎ።»

«የት ተቀምጦ?»

ገበሬው የነገረኝን ምልክት ይዘን ኮረብታው ላይ ወጣን፤ ከላይ በኩል፣ አንዲት ጅረት ከምትታጠፍበት፣ ትልቅ ጉቶ ያለበት ቦታ። እናቴ ከጉቶው አጠገብ መሬቱን በእጇ ዳሰሰች። ተቀመጠች።

«ወዴት ዞሮ?»

«ወደ ቤት።»

ዞረች። «ውረድና አንድደው» አለችኝ።

ወርጄ አነደድኩት። ጀምበር እየጠለቀች ነበር። ነበልባሉ ሲነሣ ኮረብታውን ቀና ብዬ አየሁት፣ ደግሜ አየሁት፤ እዚያ መኖሯን እያወቅሁ እናቴን ከዛፎቹ መለየት አልቻልኩም። እንጨት እጨምር ነበር። ብዙ ቆየች። ተመልሳ ስትመጣ ነጠላዋ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተለጥፎ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል።

የምትለኝን ጠበቅሁ። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት እሱን ነው።

«በደንብ ይታያል» አለች።

«እማ፣ እሱ እኮ ሞታለች ብሎ...»

«የሞተ ሰው እሳት አያነድም። አንድ ቀን ቢያልፍ፣ ካየው፣ ያውቃል።» ቅጠሉን ከነጠላዋ ላይ አነሣችና እሳቱ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ዞር ብላ ፊቴን አየችው፤ ረጅም አስተያየት ነበር፣ ይቅርታም ቁጣም ልለው አልቻልኩም። «ድንጋዩን ያስገባኸው አንተ ነህ። ከእንግዲህ እንጨቱን የምትፈልጠውም አንተ ነህ።»

መጥረቢያው ከበሩ ጀርባ ነበር። ሄጄ አመጣሁት።