ቡሬ መንገድ ላይ እጅ የነሳኝ ጃፓናዊ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሠናይት፣ አባቷ ልኳት ለውኃ መሳቢያ ሞተራቸው ቺንጋ ልትገዛ ሱቄ መጣች። ፍኖተ ሰላም ላይ የሞተር መለዋወጫ ስሸጥ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ካርቶን ላይ የተጻፈውን የሚያነብ ደንበኛ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ሁሉም የሚያነበው ዋጋውን ነው። እሷ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጃፓንኛ እንደ ፊደል ቆጣሪ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ከየት ተማርሽው?»

«ከስልክ ነዋ ጋሼ። የእነሱን ካርቱን ሳይ።»

ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣውን የድሮ የጃፓንኛ መማሪያ መጽሐፌን አወጣሁና «ውሰጂው» አልኳት።

«ኧረ ግድ የለም፣ አይቸገሩ» አለች። ዓይኗ ግን ከመጽሐፉ አልተነሳም። ያን ዓይን አውቀዋለሁ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ቡሬ ላይ መንገድ ይሠራ ነበር። ጊዜው የበርበሬ ነው፤ በየደጁ የተሰጣው መንደሩን ቀይ አልብሶት፣ አላፊ አግዳሚው እያስነጠሰ ሰላምታ ይለዋወጣል። ውጭ አገር አገልግሎ የመጣ አንድ ኤክስካቫተር በሩ ላይ ሥዕል ተለጥፎበታል፤ ሄልሜት የደፋ ሰውዬ ወገቡን ሰብሮ እጅ ይነሳል። ከሥሩ እንግዳ ጽሑፍ አለ።

«ምን ይላል?» አልኩት ኦፕሬተሩን።

«ጃፓንኛ ነው። ‹መንገድ ስለዘጋንባችሁ ይቅርታ› ማለት ነው አሉ።»

«ማሽኑ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?»

«እኔማ አልጠይቅህ» አለና ጭሱን አልብሶኝ ሄደ።

እኛ ዘንድ እጅ የሚነሳው ለቄስና ለሽማግሌ ነው። መንገድ የሚዘጋም ሞልቷል፤ ዘግቶ እጅ የሚነሳ ግን ያኔም ዛሬም አላየሁም። ለማያውቁት መንገደኛ እንዲህ የሚጎነበሱ ሰዎች ምን ዓይነት ይሆኑ ስል ከረምኩ። ኦፕሬተሩን እየተከተልኩ ብነዘንዘው፣ ለመገላገል ይመስለኛል፣ ከአዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ ተራ ያንን መማሪያ አመጣልኝ።

እናቴ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። የገበያ ዕለት ከጎኗ ቁጭ ብዬ ጃፓንኛውን በርበሬ ጆንያዋ ላይ በከሰል እጽፋለሁ።

«ልጅሽ ክታብ ጀመረ እንዴ?» ይሏታል ደንበኞቿ።

«ገዥ እስካላባረረ ይጻፍ» ትላለች።

ትምህርት ቤት እንደጨረስኩ፣ ለሞተር ጥገና ትምህርት ወደ ጃፓን የሚልክ ዕድል መውጣቱ ተሰማ። የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ለቃል ፈተና አዲስ አበባ ተጠራሁ። ይህ ካመለጠ የቀረልኝ ጆንያው ነው። እናቴ ስትሸኘኝ እንዲህ አለችኝ፦ «የሰው ቤት ነው የምትሄደው። ሲሰጡህ ዘለህ እንዳትቀበል። ሦስቴ ሳትለመን እሺ ካልህ፣ ያልተቀጣ ልጅ አሳደገች ይሉኛል።»

ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደምበጫ ላይ በመስኮት የገዛሁትን የተጠበሰ በቆሎ ከደስታ ብዛት መብላቱን ረሳሁት። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ከንፈሬ ጃፓንኛ ያነበንባል። ከጎኔ የነበሩት ባልቴት ዳዊት የምደግም መስሏቸው «ለኔም አስበኝ ልጄ» አሉኝ። በጃፓንኛ ከአንድ እስከ አሥር ቆጠርኩላቸው።

ፈታኞቹ ሁለት ነበሩ፤ ከረባት ያሰረ የእኛ ሰውና ጠና ያሉ ጃፓናዊት። ስገባ እጅ ብነሳ ሴትዮዋ ብድግ ብለው መለሱልኝ። ጥያቄው በሰላም አለቀ። መጨረሻ ላይ እሳቸው በሚኮላተፍ አማርኛ «ዕድሉን ብንሰጥህ ትወስዳለህ?» አሉ።

ልቤ የኔ ነበር፤ አፌ ግን የእናቴ። «ኧረ ግድ የለም፣ ከኔ የሚሻል አይጠፋም» አልኩ።

ባለ ከረባቱ እስክሪብቶውን ከደነ። «አልፈልግም ካለ ሌላ እንጥራ።»

«ቆይ» አሉት ሴትዮዋ። «ገና አንዴ ነው የጠየቅነው።» ወደኔ ዞረው «እባክህ ውሰድ» አሉኝ።

«ላስቸግራችሁ አልወድም» አልኩ። ምላሴን በነከስኩት። ባለ ከረባቱ የኔን ወረቀት አንሥቶ ከክምሩ ሥር ሸጎጠው። ጆንያው ታየኝ።

ሴትዮዋ እንግዳ እንደሚያጎርስ ሰው ወደኔ ዘንበል አሉና «በሞቴ» አሉኝ።

ማን ቤት ተጋብዘው እንደተማሩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ እሺ ብያለሁ፤ ባለ ከረባቱ ደንግጦ ቀና አለ።

ጃፓን በደረስኩ ሰሞን፣ በረዶ በለበሰ መንገድ ዳር ያ የኤክስካቫተሩ ሰውዬ ሰሌዳ ላይ ሄልሜቱን እንደደፋ ቆሞ አገኘሁት። የአገሬን ልጅ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝና ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁት። በዚያ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ለሳቸው መስሏቸው መለሱልኝ። ሁለት ዓመት ተምሬ ስመለስ የጫንኩት ብዙ ነበር፤ ከሰውዬው የተማርኩትን እጅ መንሳት ያህል ግን የሚቀለኝ አልነበረም።

ሠናይት በሩ ጋ ደርሳለች። ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋ ሁለቴ አልጠራም።

«ውሰጂው እንጂ» አልኳት።

«አይ፣ እርስዎ ይፈልጉት ይሆናል» ብላ አንድ እግሯን ከደጅ አወጣች።

ስንቱ ይሆን ሦስተኛ ጠያቂ አጥቶ ጆንያ ላይ የቀረ። ከባንኮኒው ዞሬ ወጣሁ።

«በሞቴ» አልኳት።

ተመለሰች። በሁለት እጇ ልትቀበለኝ ቺንጋውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። እዚያው ቀረ፤ ማምሻውን አባቷ ራሱ መጥቶ ወሰደው።