ምርኩዙን የወሰድኩ ቀን

«ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላሉ። ታናሽ እህቴ በዚህ በኩል ተቸግራ አታውቅም፤ እኔ ነበርኩላት።

ግራ እግሯ ከተወለደች ጀምሮ ቀጭንና አጭር ነው። ወልድያ ውስጥ መኪና የሚጠግነው አባታችን በየዓመቱ የውሃ ቧንቧ ቆርጦ በቁመቷ ልክ ምርኩዝ ይበይድላት ነበር። እኔ ሁለት ደህና እግር ስላለኝ ምንም አልተበየደልኝም። ብረቱ ድንጋይ ሲመታ የሰማ ጎረቤት በር ላይ ወጥቶ ይጠብቃታል። እንግዳ ሰው ከንፈሩን ቢመጥላት «ከንፈርዎን ይተዉትና ከመንገዱ ዞር ይበሉልኝ» ትላለች፤ ሰው ሁሉ ይስቃል። ያንኑ እኔ ብናገር ስድ እባል ነበር።

ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ እሷ አሥራ አንድ፣ እኔ አሥራ አራት ዓመታችን ነበር። አባታችን የተበላሸ መኪና ሊሠራ መርሳ ከተማ እንደሄደ መንገዱ ተዘጋበት። መብራት ጠፋ፤ መብራቱን ተከትሎ ቧንቧው ደረቀ። የቀረችን ከሰፈራችን በታች፣ ቁልቁለቱ ሥር ያለች አንዲት ምንጭ ናት። ሰው ቢጫ ጀሪካኑን እያሰለፈ ይጣላባት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሁለት እናቶች ነጠላ ለነጠላ ሲጓተቱ እህቴ በምርኩዟ ባዶ ጀሪካን መታችና ዝም አሰኘቻቸው። ከዚያ ወዲያ ምንጯ አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ብረቱን መንገዱ ላይ አጋድማ፣ ተራ አስከባሪ ሆነች። ማን ቀድሞ ማን ዘግይቶ እንደመጣ በቃሏ ታውቃለች። ቤቱ አራስ ያለችበትን ታሳልፋለች፤ የሚያጭበረብረውን ወደ ኋላ ትመልሳለች። አባታችንን የሚያክሉ ሰዎች «እሺ እመቤት» እያሉ ይመለሱላታል።

በዚህ ሁሉ መሃል ያንን ዳገት ውሃ አዝዬ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ጎረቤቶች እናቴን ሲያገኟት ግን ልጅሽ ባትኖር በውሃ እንፋጅ ነበር ይሏታል። ልጅሽ ሲሉ እኔን ማለታቸው አይደለም።

አንድ ቀን ማለዳ፣ እሷ ተኝታ ሳለች፣ ምርኩዙንና ጀሪካናችንን ይዤ ወጣሁ። ሰው የሚፈራው ብረቱን መስሎኝ ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እንደ እሷ መንገዱ ላይ አጋደምኩት። የት እንዳለች ሲጠይቁኝ እሷ ናት የላከችኝ አልኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰውዬ ጀሪካኑን እየጎተተ ወደ ፊት አለፈ። ተመለስ ስለው ሳቀብኝ። በንዴት ብረቱን ሳወርደው እሱን ስቼ የአንዲት አሮጊት ጀሪካን ሰነጠቅሁ። በዚያ ወቅት ጀሪካን ከየት ይገኛል? ሰልፉ ፈረሰ፤ ሁሉም ምንጯ ላይ ተረባረበ፤ ውሃው ጭቃ ሆነ።

ያኔ ነው ያየኋት። ቁልቁለቱን በቂጧ እየተንፏቀቀች፣ በሁለት እጇ መሬቱን እየገፋች ትወርዳለች። ቀሚሷ አፈር ብቻ ነው። ጩኸቱ ቀነሰ። ምንጯ ዘንድ ስትደርስ የዚያኑ ተራ የዘለለ ሰውዬ ትከሻ ይዛ በአንድ እግሯ ቆመች።

«ውሃው እስኪጠራ ማንም እንዳይነካው። ሁላችሁም ወደ ተራችሁ» አለች።

ተመለሱ። ሰውዬው ሳይቀር ትከሻውን ስትለቅለት ጀሪካኑን አንስቶ ወደ ኋላ ሄደ። የእኛን ጀሪካን ለአሮጊቷ እንድሰጥ በእጇ አመለከተችኝ፤ ሰጠሁ። አሮጊቷ ግን አልበረደላቸውም። በእኔ ላይ ጣታቸውን ቀስረው «እውነት አንቺ ነሽ የላክሻት?» ብለው ጠየቋት።

እህቴ አየችኝ። ምርኩዟ እጄ ላይ ነበር፤ መዳፏ ተልጦ ይደማል። ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቷል። ጉዴ ፈላ ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ዳገቱን ስንመለስ ልዘልሽ ብላት እምቢ አለች። ምርኩዟን ተቀብላ ከፊቴ ወጣች። ቤት ልንደርስ ስንል ዞር ሳትል «ሁለተኛ ስትወስጂው ቀስቅሺኝ» አለችኝ። ለእናታችንም፣ በኋላ ከመርሳ ለመጣው አባታችንም አልተናገረችም።

እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ኖሮ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዋርዳት ነበር። ይህን ስለማውቅ ነው እስከ ዛሬ የምቀናባት።