የሞላው የቤት ሥራ

በጣሊያን ጊዜ የቅኔ ቤታችን ሲበተን፣ እኔና አንድ ዲያቆን ጓደኛዬ ከደብረ ኤልያስ ወጥተን ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ገባን። በቅኔ ቤት አስነጋሪው እኔ ነበርኩ፤ ታናናሾቼን የማስጠናው እኔ ነበርኩ። ጓደኛዬም ያልኩትን ከአፌ ተቀብሎ ይደግመዋል እንጂ አይጠይቀኝም። ቅስና ሊቀበል ጥቂት ነበር የቀረው፤ ከዚያ ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረውም።

የጋራዡ ጣሊያናዊ መካኒክ ከሁለታችን አንዱን ሊያስቀር፣ ሌላውን ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ፈለጣ ሊልክ አሰበ። አንድ ጥምዝ ሞላ አቁሞ የብረት ኳስ አስቀመጠበት። አንድ ጣት ያህል ተጭኖ ሲለቀው ኳሷ አንድ ክንድ ዘለለች።

«ሁለት ጣት ብጫነውስ ስንት ክንድ? ነገ ንገሩኝ፤ ያወቀው እዚህ ይሠራል» አለን።

ገና ከግቢው ሳንወጣ ጓደኛዬን «ሁለት ነዋ!» አልኩት።

«እርስዎ ሁለት ካሉ ሁለት ነው» አለና እየተወዛወዘ ያጠናው ጀመር።

ውኃ ሊቀዳ ሲወርድ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሞላ በተጫኑት ቁጥር ይብስ ይገፋል፤ ሁለተኛው ጣት ከመጀመሪያው ይከብዳል። መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ሣልኩ። ቁመቱንም መሠረቱንም እጥፍ ሳደርገው የፊተኛውን አራት ያህል ሆነ። ሞላው ውስጥ የሚታመቀው ጉልበትም እንዲሁ ነው፤ መልሱ አራት ክንድ ነው። ሥዕሉን በእግሬ አጠፋሁት። ተሳስቻለሁ ማለት አሳፈረኝ፤ ድንጋይ ፈለጣውን ደግሞ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር።

በማግስቱ መጀመሪያ የተጠየቀው እሱ ነው። «ሁለት ክንድ» አለ።

መካኒኩ ሳቀ። ያ ክፉ ሰው ሲስቅ ደግ ይመስል ነበር። «እንግዲያው ኳሷ ሦስት ክንድ ላይ አትደርስማ! ና፣ ፊትህን ከበላይዋ ሦስት ክንድ ላይ አድርግ» አለው።

ጓደኛዬ ዞሮ አየኝ። አንድ ቃል ብናገር ይድን ነበር። እኔ ግን አይዞህ በሚል ራሴን ብቻ ነቀነቅሁለት።

መካኒኩ ሞላውን ሁለት ጣት ተጭኖ ሲለቀው ኳሷ ቀኝ ዐይኑን አፈሰሰችው። መካኒኩ ሳቁን ሳይጨርስ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?»

«አራት» አልኩ።

ዐይኑ የጠፋ ሰው ቅስና እንደማይሰጠው ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ ግን ተንበርክኮ፣ ደሙን በነጠላው እንደያዘ፣ እንደ ልማዱ ከአፌ ተቀበለኝና «አራት» አለ።